ጭቃው ባዶ አይደለም

ከተራራው ስብከት ውስጥ አብዛኞቻችን በቃላችን የምናውቀው ስለ ሰማይ ወፎች የተነገረውን ክፍል ነው። በሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ ይታተማል። ሥራ ላጣ ወንድም ሲጸለይ ይጠቀሳል። ጠዋት ጠዋት ከአበባ ሥዕል ጋር በቴሌግራም ይላክልናል። ሆኖም ጌታ በዚያ ክፍል ደቀ መዛሙርቱን ያዘዛቸው ወፎቹን እንዲመለከቱ ነው። እኔም ላለፉት አራት ዓመታት ይህን ትእዛዝ ቃል በቃል ለመፈጸም ስሞክር ቆይቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አገልግሎት ከሌለኝ ካሜራዬን አንግቤ ወደ ረግረግ እሄዳለሁ። እዚያ ያየሁትን ዛሬ ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። የማቴዎስ ወንጌል በተጻፈበት በግሪክኛ እዚያ ቦታ የምናገኘው ግሥ «ኤምብሌፖ» ነው። እግረ መንገድን ገረፍ አድርጎ ማለፍ ሳይሆን ዓይንን ተክሎ ማየት ማለት ነው። ማርቆስ ጌታ ያን ባለጠጋ ሰው እንዴት በፍቅር እንዳየው ሲነግረን የተጠቀመው ይህንኑ ግሥ ነው። ሉቃስም ጴጥሮስ በካደባት ሌሊት ጌታ ዘወር ብሎ እንዴት እንዳየው ሲጽፍ ይህንኑ ግሥ ይጠቀማል። እንግዲህ ጌታ ወፎችን እንድናይ የፈለገው እርሱ ሰውን በሚያይበት ዓይነት አስተያየት ነው ብል ከቃሉ የራቅሁ አይመስለኝም። በሉቃስ ወንጌል ደግሞ የተጠቀሰው ወፍ ቁራ ነው፤ በዘሌዋውያን 11 እንደ ርኩስ ከተቆጠሩት አንዱ። ለትምህርት የተመረጠው ሰው የሚወደው፣ ያማረ ወፍ አልነበረም።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። እንግዳ ሲመጣብን ፍቅር ሐይቅ ወስደን እናናፍሰዋለን፣ አሞራ ገደል ዓሣ እናበላዋለን፣ ከአባ ኮዳ ጋር ፎቶ እናነሣዋለን። እኔ የምሄደው ግን በሌላ በኩል ነው። የጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አቅጣጫ ፊላና ቄጠማ የበቀለበት ረግረግ አለ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝም ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። የክረምቱ ውኃ ሞልቶ ይቆይና በበጋው ቀስ እያለ ሲሸሽ ዳርቻው ላይ ጥቁር ጭቃ ይተዋል። የባጃጁ ሹፌር እዚያ ሲያወርደኝ ሁልጊዜ ይገርመዋል። «ጋሼ፣ እዚህ ምን አለ? ባዶ ጭቃ እኮ ነው» ይለኛል።

ጭቃው ባዶ አይደለም። ውስጡ ትል አለ፣ የትንኝ እጭ አለ፣ ከጣት ጥፍር የሚያንስ ቀንድ አውጣ አለ። ያንን ፍለጋ የሚመጡት ወፎች ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መሣሪያ አላቸው። ሊትል ስቲንት የምትባለው ትንሿ ወፍ ምንቃሯ አጭር ስለሆነ ከጭቃው ላይኛ ገጽ ትለቅማለች። ዉድ ሳንድፓይፐር ትንሽ ረዘም ያለ ምንቃር ስላላት ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብታ ትሠራለች። ስናይፕ የሚባለው ወፍ ረጅም ምንቃሩን እስከ ሥሩ ጭቃ ውስጥ ይተክላል፤ የምንቃሩ ጫፍ ነርቭ የበዛበት በመሆኑ ዓይኑ ያላየውን ትል ዳስሶ ያገኛል፤ አፉን ሙሉ ሳይከፍት ጫፉን ብቻ ከፍቶ ይይዘዋል። ብላክ ዊንግድ ስቲልት የተባለችው ጥቁርና ነጭ ወፍ እንደ እርሳስ የቀጠኑ ረጃጅም ሮዝ እግሮች ስላሏት ሌሎቹ ወደማይደርሱበት ውኃ ትዘልቃለች። ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይበላሉ፤ አንዱ የሚበላበት ጥልቀት ግን የሌላው አይደለም።

የወፎቹን ስም በእንግሊዝኛ አጠራሩ የጻፍኩት ብዙዎቹ በአማርኛ የተለየ ስም ስላላገኘሁላቸው ነው። እኛ ዘንድ ሁሉም «የውኃ ወፍ» ናቸው። ስለዚህ የኅብረታችን ልጆች የራሳቸውን ስም አውጥተውላቸዋል። ስቲልት «ሎጋ» ተብላለች። ቆማም ስትሄድም ጭራዋን ከፍ ዝቅ ማድረግ የማትተወዋ ኮመን ሳንድፓይፐር ደግሞ «ነቅናቂት» ሆናለች። አዳም ለእንስሳት ስም እንዲያወጣ ሲፈቀድለት በቅድሚያ እያንዳንዱን ማየት ነበረበት። ስም ያወጣንለትን ነገር በቀላሉ ረግጠነው አናልፍም።

ከእነዚህ ወፎች ብዙዎቹ እንግዶች ናቸው። ሊትል ስቲንት ክብደቷ ከ20 እስከ 30 ግራም ገደማ ነው፤ የተፈለፈለችው ግን በሰሜን አውሮፓ ወይም በሳይቤሪያ ጫፍ፣ በጋው ሁለት ወር በማይሞላበት አገር ነው። ከዚያ እስከ ሐዋሳ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሁሉም የገረመኝ ግን ይህ ነው፦ ከእነዚህ ወፎች መካከል በብዙዎቹ ዘንድ ወላጆቹ ቀድመው ወደ ደቡብ ይነሣሉ። ጫጩቶቹ ከሳምንታት በኋላ፣ መንገዱን አንድም ቀን ሳይሄዱበት፣ የሚመራቸው ትልቅ ሳይኖር ይከተላሉ። በፀሐይ፣ በከዋክብትና በምድር መግነጢስ እየተመሩ እንደሚጓዙ ሊቃውንት ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ባር ቴይልድ ጎድዊት የተባለ የዚሁ ወገን ወፍ፣ አምስት ወር ገደማ የሆነው፣ የሳተላይት መከታተያ ታስሮበት ከአላስካ ተነሥቶ አውስትራሊያ ውስጥ እስካለችው ታዝማኒያ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀናት ሳያርፍ በሯል። ከጉዞው በፊት ይህ ዓይነቱ ወፍ ከሰውነቱ ክብደት ግማሽ ያህሉን ስብ ያደርጋል፤ ለስቡ ቦታ ለመልቀቅም የሆድ ዕቃው ይቀንሳል። ጭቃ ዳር ሲለቅም የምናየው ወፍ ቁርስ እየበላ ብቻ አይደለም፤ ስንቅ እየቋጠረ ነው።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ሳላነብ በፊት የነገረኝ ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ጭቃው ዳር በደረቴ ተኝቼ ሳለሁ በዕድሜ የገፉ ዓሣ አጥማጅ በጀልባቸው መጡና ቆም ብለው ተመለከቱኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉኝ።

«ምንም አልጠፋብኝም አባባ፤ ወፍ እያየሁ ነው።»

«እነዚህን? በመስከረም መጥተው በፋሲካ ገደማ የሚሄዱትን?» ብለው ሳቁ። «ዘንድሮ ዘግይተዋል። ውኃው ገና አልሸሸማ፤ የት ላይ ይቁሙ?»

ትምህርት ቤት እንዳልገቡ በኋላ ነግረውኛል። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 8 ላይ የሰማይ ወፎች የመምጫቸውን ጊዜ እንደሚያውቁ፣ ሕዝቡ ግን የአምላኩን ሥርዓት እንዳላወቀ በሐዘን ይናገራል። ይህን ለመናገር ነቢዩ ራሱ ወፎቹ የሚመጡበትን ጊዜ ያስተዋለ መሆን አለበት። እኚያ አባትም የዚያ ዓይነት ሰው ናቸው።

ስለ ፎቶ ማንሣቱም ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁና ላስረዳ። ካሜራዬን ዕቁብ ሲደርሰኝ ከአንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ያገለገለውን ገዛሁት፤ ሌንሱ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ያቀርባል። የወፍ ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች ከሚይዙት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ስለዚህ በገንዘብ ያልገዛሁትን ቅርበት በትዕግሥት መግዛት አለብኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ስለሚመጣ ላባው ይለያል። ቆሞ የተነሣ ፎቶ ወፉን ከላይ ወደ ታች ያሳየዋል፤ ስለዚህ ማዳበሪያ አንጥፌ ጭቃው ላይ እተኛለሁ፤ ሌንሱ በወፉ ዓይን ልክ ሲሆን ያን ጊዜ ፊት ለፊት እንተያያለን። የሚራመድ ወፍ ለማስቆም ሹተሩን በሰከንድ አንድ ሺህኛ አደርገዋለሁ። ስቲልትን ሳነሣ ደግሞ ብርሃኑን ትንሽ እቀንሳለሁ፤ አለበለዚያ ነጩ ላባ ይቃጠልና ወረቀት ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምጠብቀው አንድ ሕግ አለ። ወፉ መብላቱን ትቶ ቀና ካለ እቆማለሁ። እንደገና አንገቱን ደፍቶ መልቀም ሲጀምር ብቻ አንድ ክንድ ያህል እጠጋለሁ። ለፎቶ ብዬ ባስነሣው የምሰርቀው ስንቁን ነው፤ ለሳይቤሪያ መንገድ የቋጠረውን ስብ በእኔ ምክንያት በከንቱ ያቃጥላል። አንዳንድ ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥር ሜትር እጠጋለሁ። አንዳንድ ቅዳሜ ምንም ፎቶ ሳላነሣ እመለሳለሁ። እንዲህ ባለ ቀን ግን ብዙ አያለሁ። ፊላው መካከል በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ የምትራመደውን ጃካና ያየኋት እንዲህ ባለ ቀን ነው። በጃካና ዘንድ እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው አባትየው ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን በክንፎቹ ሥር አቅፎ ሲሮጥ ከክንፉ በታች ረጃጅም ትንንሽ እግሮች ተንጠልጥለው ይታያሉ። በካሜራ አልያዝኩትም፤ በዓይኔ ግን አለ።

በዚህ መንገድ እኔ የመጀመሪያው አማኝ አይደለሁም። በመጽሐፎቹ ብዙዎቻችን የተማርንበት እንግሊዛዊው ጆን ስቶት ከልጅነቱ ጀምሮ ወፍ ተመልካች ነበር፤ ለአገልግሎት ወደ ሌላ አገር ሲጓዝ የወፍ ማያ መነጽሩን ይዞ ነበር የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ1999 ራሱ ካነሣቸው ፎቶዎች ጋር ስለ ወፎች መምህርነት መጽሐፍ አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ፒተር ሃሪስ የተባለ አገልጋይና ባለቤቱ ከባልደረቦቻቸው ጋር በፖርቱጋል ደቡብ ባሕር ዳርቻ፣ እንደ እኛው ያለ የጭቃ ዳር ወፎች የሚያርፉበት ረግረግ አጠገብ፣ አ ሮሻ የሚባለውን የክርስቲያኖች የተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ጀምረዋል። ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራል። ወፍ መመልከት የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚለኝ ወንድም ሲያጋጥመኝ እነዚህን ሳይሆን እኚያን ዓሣ አጥማጅ እጠቅሳለሁ፤ ነገር ግን በእምነት ወንድሞቻችን የሆኑ ሰዎች ይህን እንደ አገልግሎት መያዛቸውን ማወቅ ይጠቅመናል።

እኔን ወደ ረግረጉ የወሰደኝ ግን የመጽሐፍ ምክርም የፎቶ ፍቅርም አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ጀመረ። ለእናታችን «ለሥራ አዲስ አበባ ደርሼ እመጣለሁ» ብሏት ነበር። ከኬንያ አንድ ጊዜ ደወለልኝ፤ ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የተገኙት የ64 ሰዎች ዜና በቤታችን ውስጥ እንደ አዲስ ተነሣ። እናቴ ሬዲዮ እንዳይከፈት ከለከለች። እኔ ሌሊት እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ መራመድ ጀመርኩ፤ እግሬም ወደ ጥቁር ውኃ ወሰደኝ። ለሰው የማስተምረው ጸሎት ለራሴ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ጭቃው ዳር ቁጭ ብዬ ዓይኔ ያረፈበትን ማየት ብቻ ነበር የምችለው። ያረፈው ደግሞ በትንሿ ሊትል ስቲንት ላይ ነው።

ለምሳሌ መቸኮል ቀላል ነው። ወፏ ስደተኛ፣ ወንድሜ ስደተኛ፤ ወፏን ያደረሰ እርሱንም ያደርሰዋል ብዬ ስብከት ማዘጋጀት እችል ነበር። ነገር ግን ረዘም ላለ ጊዜ የተመለከተ ሰው ልዩነቱን ያያል። ወፏ ደላላ የላትም። ድንበር ላይ ገንዘብ የሚጠይቃት፣ ኮንቴይነር ውስጥ የሚቆልፍባት የለም። ጊዜው ሲደርስ ወደተፈለፈለችበት ትመለሳለች። ወንድሜን ያስነሣው ደግሞ ወቅት አይደለም፤ በእጁ ዲግሪ ይዞ ሦስት ዓመት በር በር ማንኳኳቱ ነው።

ወሬው በጠፋ በአራተኛው ሳምንት ላይ አንዲት ዉድ ሳንድፓይፐር ሞታ አገኘሁ። የተጣለ የናይሎን መረብ ክንፏን ጠልፎ ይዟት ነበር። ላባዋ ገና አልረጠበም፤ ጀርባዋ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አንድ ፎቶ አነሣኋት፤ ያን ፎቶ እስከ ዛሬ ለማንም አላሳየሁም። መረቡን በቢላ ቆርጬ አወጣኋትና ቄጠማው ሥር አኖርኳት።

ማዳበሪያዬ ላይ ተቀምጬ በማቴዎስ 10 ጌታ ስለ ድንቢጦች የተናገረው ትዝ አለኝ። በዚያ ክፍል ጌታ ድንቢጥ አትወድቅም አላለም። በገበያ በትንሽ ሳንቲም የምትሸጥ ወፍ እንኳ ስትወድቅ ከአባት ዕውቀትና ፈቃድ ውጭ አይደለችም ነው ያለው። ያን ያለውም ደቀ መዛሙርቱን ወደ ስደትና ወደ መከራ ሲልካቸው ነው። ስለዚህ «ወፎችን የሚመግብ አምላክ» ስንል ሞት የሌለበትን ረግረግ እየሳልን ከሆነ ወፎቹን አልተመለከትንም። ከእነዚህ ወፎች ጫጩቶች ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዓመታቸውን አይጨርሱም። ጌታ ይህን ያውቅ ነበር፤ እያወቀም ወደ እነርሱ ጠቆመን። ያን ጠዋት ወንድሜ በሕይወት እንዳለ ማረጋገጫ አላገኘሁም። ያገኘሁት ወንድሜ የትም ይሁን የት ከአባቱ ዓይን እንዳልወጣ ነው። ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጸለይኩትም ያኔ ነው። ጸሎቴ አጭር ነበር፤ ስሙን ብቻ ነው የጠራሁት።

በ39ኛው ቀን ደወለ። አብረው ከተነሡት ዘጠኝ ልጆች አንዱ አልደረሰም። በእሑድ አምልኮ ምስክርነት እንድሰጥ ስጠየቅ የዚያ ልጅ እናት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አየኋት። እግዚአብሔር ታማኝ ነው አልኩ፤ ነው። ነገር ግን ታማኝነቱ በእኛ ቤት ስልክ መደወል ብቻ የሚለካ ቢሆን ለእርሷ ምን እላታለሁ? ስለ ወንድሜ አመሰገንኩና ስለ ልጇ በስሙ እንድንጸልይ ጠየቅሁ። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ተነሣ።

አሁን ወደ ወጣቶቻችን ልምጣ። ባለፈው ዓመት በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ይህንኑ ክፍል ስናጠና በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ያላገኘ አንድ ወንድም እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ወፎቹን ይመግባል፤ እናንተ ደግሞ ከእነርሱ ትበልጣላችሁ ይለናል። ታዲያ እኔ ለምን እስካሁን በእናቴ ትከሻ እበላለሁ?» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በዓይኑ ውስጥ የወንድሜን ዓይን አየሁ። መልስ ከመስጠት ይልቅ ቅዳሜ አብሮኝ እንዲመጣ ጠየቅሁት።

መጣ። አንዲት ሊትል ስቲንት ከፊታችን ስትለቅም ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ያዘ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ40 ጊዜ በላይ ጭቃውን ነካች። እንደገና ቆጠረ፤ ያው ነው። «ይቺ እኮ ትርፍ ሰዓት ነው የምትሠራው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እግዚአብሔር ወፎችን የሚመግበው አፋቸው ውስጥ ትል በመጣል እንዳልሆነ ቆጥሮ ደረሰበት። ከዚያ ግን ሳቁን ትቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና እንዲህ አለኝ፦ «ግን ጋሼ፣ እሷ ጭቃው አላት። የእኔ ጭቃ የት ነው?»

ይህ ጥያቄ ከብዙ ስብከት ይልቅ አስተምሮኛል። ወፏ መሥራት ታውቃለች፤ ምንቃሯ ተሠርቶላታል፤ መንገዱን ታውቃለች። 6,000 ኪሎ ሜትር በራ መጥታ ጭቃው ከሌለ ግን ትሞታለች። የአባት መግቦት በጭቃው በኩል ነው የሚደርሳት። ጭቃውን ደግሞ ሰው ሊደፍነው ይችላል።

ይህ የምሳሌ ነገር ብቻ አይደለም። ጥቁር ውኃ የሚነሣበት ጨለለቃ አያቶቻችን ሐይቅ ብለው የሚያውቁት ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። ወደ ሰሜን ስንሄድ አቢያታ ሐይቅ በእኛ ዘመን ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል፤ ወደ እርሱ የሚገባው ውኃ ለመስኖ ተወስዷል፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ምርት ተቀድቷል። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከብት ተሰማርቶበት ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ውኃ ተመልሶለታል። መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራኗ ራምሳር ከተማ ተሰብስበው ስለ ረግረግ ስፍራዎች ስምምነት የተፈራረሙት የውኃ ወፎች ማረፊያ እያጡ መሆኑን አይተው ነው። ረግረግ ወፍ ማብላት ብቻ አይደለም ሥራው፤ ከእርሻ የሚመጣውን ደለል ይይዛል፣ ጎርፍን ያቀዘቅዛል፣ ለዓሣ ጫጩት መጠለያ ይሆናል። ቆሮሶ ዓሣ እየበላን ረግረጉን «ባዶ መሬት» ካልን ምሳችን ከየት እንደመጣ ረስተናል ማለት ነው።

የወጣቶች ጭቃም እንዲሁ ነው። በኅብረታችን የዚያን ወንድም ጥያቄ የጸሎት ርእስ አደረግነው፤ በጸሎት ብቻ ግን አላቆምንም። በጉባኤያችን ሙያ ያላቸውን ሰዎች ስም ጻፍን፤ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ አለ፣ ሒሳብ ሠራተኛ አለ፣ የእንጨት ሥራ ያለው አለ። አንድ ተመራቂ ከጎናቸው ቆሞ ለሦስት ወር እንዲለማመድ፣ እነርሱም ምሳና ትራንስፖርት እንዲችሉት ጠየቅናቸው። እሺ ያሉት ሁለት ናቸው። ያ ወንድም አሁን አንድ ሕንፃ ላይ ብረት ይቆጥራል፣ ልኬት ይጽፋል። ደመወዝ ገና የለውም። የደቡቡን መንገድ ሐሳብ ጨርሶ ትቶታል ብዬ አልምልም። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ አሁን ነቅናቂትን ከዉድ ሳንድፓይፐር ከሩቅ ይለያል፤ የሚቆጥረውንም በደብተር ይጽፋል።

ውድ አንባብያን፣ በየከተማችሁ ወይም በየገጠራችሁ ውኃ የሚተኛበት ስፍራ አይጠፋም። ባሕር ዳር ያላችሁ ጣና አላችሁ፤ ቢሾፍቱ ያላችሁ፣ ባቱ ያላችሁ፣ አርባ ምንጭ ያላችሁ ሐይቃችሁ በደጃችሁ ነው። ሌላው ቢቀር ከግድብ ወይም ከወንዝ ዳር የሚቀር ጭቃ አለ። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ኅብረታችሁ አንድ ቅዳሜ ማለዳ እንዲወጣ አድርጉ። ካሜራ ባይኖራችሁ አትጨነቁ፤ አንድ መነጽር ለአሥር ሰው ይበቃል፤ እርሱም ከሌለ ዓይናችሁ አለ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ወፉ ቀና ካለ ቁሙ። አንድ ወፍ ምረጡና ለአሥር ደቂቃ ከእርሱ ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ ከዚያ ያያችሁትን ለጓደኛችሁ ንገሩ። ስትመለሱ ዳርቻው ላይ ያገኛችሁትን የተጣለ መረብና ሃይላንድ ለቅማችሁ ውጡ።

በማግሥቱ እሑድ ኅብረታችሁ ሲሰበሰብ ደግሞ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው በዚያው ዓይን ተመልከቱት። ስሙን ታውቃላችሁ? ሳምንቱን ምን ሲለቅም እንደሰነበተ ታውቃላችሁ? ጭቃ አለው? ከሌለው፣ እናንተ ዘንድ ለእርሱ የሚሆን ጥቂት ቦታ ይኖር እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ። አባታችን የሚመግብበት መንገድ ብዙ ነው፤ አንዱ በእጃችሁ ሊሆን ይችላል።